ከእማማ ወለተማርያም ሱቅ ፊት ለፊት

«‹አለን› አልካት?» አለች ፍሬሰላም። ከትምህርት ቤት እንደመጣች ናት፤ ቦርሳዋን ገና ከትከሻዋ አላወረደችም።

አባቷ ሀብተሥላሴ ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንደያዘ አቀረቀረ። «ምን ልበል ታዲያ? ሴትየዋ ‹ዌብሳይት አላችሁ?› ስትለኝ አፌ ቀደመኝ። ‹አለን፣ ቆየ እኮ፣ ልጄ ናት የሠራችው› አልኳት።»

«አባቢ! የለንም እኮ!»

«እሱማ የለንም» አለ አባቷ በቀስታ። «እስከ ማታ እልክልዎታለሁ ብያታለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ቢቆጡትም አይመለስም። ሴትየዋ ሔለን ትባላለች፤ በቅርቡ የሚከፈት ሆቴል የጽዳት ክፍል ኃላፊ ናት። የሆቴሉን አንሶላና ፎጣ የሚያጥብላት ላውንደሪ ትፈልጋለች። ነገ ቅዳሜ ጠዋት ራሷ መጥታ ሱቁን ታያለች፤ አለቆቿ ግን ከዚያ በፊት ዌብሳይቱን እንይ ብለዋል።

«ሀብቴ ላውንደሪ» ከካዛንቺስ ከተነሣ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል። ሰፈሩ ለአዲሱ መንገድና ለሕንፃው ሲፈርስ ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ሱፋቸውን ያሳጥቡ የነበሩት የቢሮ ሠራተኞችም ጠፉ። የእነፍሬሰላም ቤተሰብ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ተከራየ፤ ሱቁ ደግሞ ኡራኤል፣ አንዲት ጠባብ መንገድ ውስጥ ገባ። አሁን አልፎ አልፎ አንድ መጋረጃ፣ አንድ ኮት ይመጣል። ሆቴሉ እሺ ካላለ አባቷ ሱቁን ዘግቶ ሌላ ሰው ጋ ተቀጥሮ ልብስ ሊተኩስ ነው። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ከእናቷ ጋር በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰምታ ነው።

«ለሲፋን ለምን አትደውይላትም?» አለ አባቷ። «እሷ እንዲህ ያለ ነገር ያውቅላታል።»

«ሩቅ ናት» አለች ፍሬሰላም፤ ስልኳን አውጥታ ልብስ በሚታጠፍበት ጠረጴዛ ጥግ ተቀመጠች።

ሩቅነቱስ እውነት ነው። ሲፋን የግቢ ጓደኛዋ ነበረች፤ በአንድ ቧንቧ ውሃ ሲቀዱ ያደጉ ናቸው። የሱቁን ዌብሳይት አብረው ሊሠሩት ተስማምተው ነበር፤ ሲፋን ቅርጹን፣ ፍሬሰላም ጽሑፉን። ከዚያ የሲፋን ቤተሰቦች ከከተማው ዳር ቤት ደረሳቸውና ሄዱ። ስልክ በየቀኑ ነበር፣ በየሳምንቱ ሆነ። አንድ ቀን ሲፋን ከአዲስ ጓደኞቿ ጋር ተቃቅፋ የተነሣችውን ፎቶ ለጠፈች። ፍሬሰላም ፎቶውን ደጋግማ አየችው፤ ቀናች፣ መቅናቷ ደግሞ አናደዳት። በማግስቱ ከሲፋን መልእክት መጣ። «ፍሬዬ ጠፋሽ እኮ! አዲሱ ሱቃችሁ የት ነው? ቅዳሜ ልምጣ?»

አልመለሰችላትም። መጀመሪያ ተናዳ ነው፤ በኋላ ግን ብዙ ስለቆየ ምን ብላ እንደምትጀምር ጠፋት። ብዙ ቅዳሜዎች አለፉ።

በአዲሱ ትምህርት ቤትም በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ትቀመጣለች። የሚጠላት ሰው የለም፤ የሚያውቃትም የለም። ይሄኛው ይብሳል ብላ ታስባለች።

ስልኳ ላይ ዝግጁ ዌብሳይት የሚያድል ገጽ አገኘች። «ቴምፕሌት ምረጥ» ይላል፤ ዝግጁ ንድፍ ማለቱ ነው። መረጠች። ፎጣ ታቅፋ ጥርሷን የምታሳይ ፈረንጅ ሴት ብቅ አለች።

«ይቺ ማን ናት?» አለ አባቷ ከኋላዋ ሆኖ።

«ከቴምፕሌቱ ጋር የመጣች ናት።»

«አንሺያት። አንድ ሸሚዝ እንኳ አላሳጠበችም እኛ ጋ።»

ፍሬሰላም ሳትወድ ሳቀች። በፈረንጇ ቦታ የራሳቸውን የልብስ መስቀያ ፎቶ አንሥታ ከተተች። መስቀያው ላይ ብዙ ልብስ አለ፤ የብዙዎቹ ባለቤቶች ግን የካዛንቺስ ሰዎች ናቸው፣ ሱቁ የት እንደገባ ስለማያውቁ ልብሳቸውን ሳይወስዱ የቀሩ። አባቷ አቧራ እንዳይነካው እያለ በየጊዜው ያራግፈዋል። ፎቶው ላይ ግን ሥራ የበዛበት ሱቅ ይመስላል።

«ስለ እኛ» የሚለውን ጻፈች። የሥራ ሰዓት አስገባች። ኔትወርኩ ሄደ፣ መጣ። «አድራሻ» ሲላት እናቷ እየደወለች ነበር፤ ታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም ውጡ ትላለች። በጥድፊያ ሞላችው፤ ገጹን ለሰው የሚያሳየውን «አትም» ነካችና ሊንኩን ለአባቷ ላከችለት። እሱም ለሔለን አስተላለፈ።

«አለቀ?» አለ አባቷ ዓይኑን ማመን አቅቶት።

«በቃ፣ አለቀ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን ግን ማንም አላስታወሳቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ወለሉን ወልውሎ፣ ከሠርጉ ወዲህ ብዙም ያልለበሰውን ከረባት አሥሮ ጠበቀ። ሔለን ግን ቀረች። የተባለው ሰዓት አልፎ ብዙ ከቆየ በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«አቶ ሀብተሥላሴ፣ የት ነው ያላችሁት?» የሔለን ድምፅ ፍሬሰላም ያለችበት ድረስ ይሰማል። «ካዛንቺስ ቆሜያለሁ። ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ፣ የሚያውቅ የለም። እዚህ ያለው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው!»

«ካዛንቺስ?» አለ አባቷ። «እዚያ ምን ወሰደዎት? ባሉበት ይጠብቁኝ፣ መጣሁ!» ካውያውን ነቅሎ ሮጠ።

ፍሬሰላም ዌብሳይቱን ከፈተች። ወደታች ወረደች። «አድራሻ፦ ካዛንቺስ፣ ከእማማ ወለተማርያም ሱቅ ፊት ለፊት።»

የካዛንቺስ ልጅ ቤቱን በቁጥር አያውቅም። ዘመድ ሲመጣም፣ ባለታክሲ ሲጠይቅም፣ አምቡላንስ ሲጠራም «ከእማማ ወለተማርያም ሱቅ ፊት ለፊት» ነው። እማማ ወለተማርያም ካረፉ በኋላ እንኳ አድራሻው አልተቀየረም፤ ልጃቸውም በስማቸው ሻማና ከረሜላ ይሸጥ ነበር። ፍሬሰላም አፍ ከፈታች ጀምሮ ስትለው የኖረችውን ነው ጣቷ የጻፈው። አሁን ሱቁ የለም፣ ፊት ለፊቱም የለም። ሴትየዋ የሌለ ቦታ ስትፈልግ ነው ያረፈደችው። እንባዋ መጣና የስልኩን መስታወት አራሰው።

ተመልሰው ሲገቡ የሔለን ጥቁር ኮት እጅጌ ነጭ ሆኗል፤ አጥሩ አጠገብ ከተቆለለ ኖራ ጋር ተነካክቷል። ፊቷ አልተፈታም።

«ይሄን አድራሻ ማን ነው የጻፈው?» አለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ አባቷ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ዌብሳይቱ የድሮ ነው ብዬዎት አልነበር? ካዛንቺስ እያለን የተሠራ ስለሆነ ነው፤ አድራሻው ሳይቀየር ቀርቶ።»

ሔለን «እ» አለች፤ ቁጣዋ ትንሽ በረድ አለ። ነገሩ ያሳምናል። እንዲያውም የትናንትናውን ውሸት የዛሬው ስሕተት ደገፈው። ፍሬሰላም ዝም ብትል በዚያው ያልቃል። አባቷ በሔለን ትከሻ ላይ አሻግሮ አያት፤ ዓይኑ ይለምናል። ከረባቱ ዞሮ ትከሻው ላይ ወጥቷል።

ዝም ልትል አሰበች። ግን የድሮ ነው ከተባለ ያ አድራሻ ሰው የረሳው ተራ ነገር ሊሆን ነው። እሷ ደግሞ አልረሳችውም።

«ትናንት ነው የሠራሁት» አለች።

«ምን?» አለች ሔለን።

«የድሮ አይደለም። ትናንት ከሰዓት ነው። ማለቴ... አድራሻ ሲለኝ ሳላስበው ጻፍኩት። ጠዋት ስነሣ አሁንም እዚያ ያለን ነው የሚመስለኝ። ይቅርታ፣ በእኔ ምክንያት ተንከራተቱ።»

አባቷ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሔለን አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጅቷን አየች። ቀጥሎ መስቀያውን አየች፤ ተራ በተራ የተራገፉትን፣ ባለቤት ያጡትን ልብሶች። ኮቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ማክሰኞ ስመጣ ይሄ ኮት እንዴት እንደጸዳ አያለሁ። ሌላውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።» በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «አንቺ ደግሞ አድራሻውን አስተካክዪው። ሌላ ሰው እንዳይጠፋ።»

ከሄደች በኋላ ፍሬሰላም አባቷ እስኪቆጣት ጠበቀች። እሱ ግን ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ኮቱን ወደ ብርሃኑ አቀረበው። «ወይ ፍሬ» አለ ብቻ። ቆይቶም፣ «ኖራ ነው። ውሃ ሳይነካው በፊት በብሩሽ ነው የሚለቀው። ብሩሹን አቀብዪኝ።»

አቀበለችውና ስልኳን ይዛ ደጃፍ ላይ ወጣች። የድሮውን አድራሻ ፊደል በፊደል አጠፋች። «ኡራኤል» ብላ ጻፈች። «ከ» አለችና ቆመች። ከማን ፊት ለፊት? ማዶ የፎቶ ፍሬም የሚሠራ አንድ ሸበቶ ሰው አለ። እዚህ ከመጡ ጀምሮ ባያት ቁጥር «እንደምን ዋልሽ ልጄ» ይላታል፤ እሷ አንገቷን ነቅንቃ ታልፋለች። ስሙን አታውቅም። የማንንም ስም አታውቅም።

መንገዱን ተሻገረች።

«ጋሼ፣ ስምዎ ማን ነው?»

ሰውዬው መዶሻውን አስቀመጠ። «ገበያው። ምነው ልጄ?»

«አድራሻ ልጽፍ ነው። ሱቃችንን በእርስዎ ላመልክት ብዬ።»

«በእኔ?» ሳቁ መጣ። «አንቺስ? ስምሽን እኮ ነግረሽኝ አታውቂም።»

ነገረችው። እዚያው እንደቆመች «ሀብቴ ላውንደሪ፣ ኡራኤል፣ ከጋሽ ገበያው ፍሬም ቤት ፊት ለፊት» ብላ ጻፈች፤ አተመችው። ከዚያ የሲፋንን መልእክት ፈልጋ አወጣች። ያው እንደነበረ አለ፤ «አዲሱ ሱቃችሁ የት ነው? ቅዳሜ ልምጣ?»

ይቅርታ ብላ ጀመረች፣ አጠፋችው። ስለ ፎቶው ጻፈች፣ እሱንም አጠፋችው። በመጨረሻ አዲሱን አድራሻ ብቻ ለጠፈችና ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረች።

«ዛሬም እኮ ቅዳሜ ነው።»