ስልሳ አንድ ጠጠር

የጠጠሩ ቅል በከድጄ ጎጆ ከተሰቀለበት ምሰሶ ላይ የለም። ማሰሪያው በስለት ተቆርጧል። ሌላ የተነካ ዕቃ የለም።

«ጠጠር ማን ይሰርቃል?» አለ ባልቻ።

ባልቻ ከጣሊያን ወረራ በፊት የአራዳ ዘበኛ ነበር። አሁን ቡታጅራ ገበያ ጨው ይቸረችራል፤ ሌባ የማደን አመሉ ግን አልለቀቀውም።

አዋላጇ ከድጄ ባዶውን ምሰሶ እያየች መለሰች። «ስልሳ አንድ ጠጠር ነበር፤ እያንዳንዱ ዘንድሮ የሞተ ሕፃን ነው። እኔ ያዋለድኩትም፣ ሌላ ያዋለደውም። እናቶቹ ጠጠር ይዘው እየመጡ ይነግሩኛል። ጣሊያን አገራችሁ ጤና ሆነች ይለናል። ጤና ከሆነች ቅሌ ለምን ከበደ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያንተም ልጅ አለችበት። እሌኒ ነግራኛለች።»

ባልቻ ፊቱን አዞረ። ሚስቱ እሌኒ በእሱ ፊት አንዲት እንባ አላፈሰሰችም። ለዚህች ሴት ግን አልቅሳላታለች!

በማግስቱ የጣሊያን ፖሊሶቹ ካራቢኔሪዎች ከድጄን አሰሯት። ክሱን የጻፈው የአዲሱ ሕክምና ቤት ሠራተኛ ሸዋንግዛው ነው፦ በዓመት ስልሳ አንድ ሕፃናት በመድኃኒት ገድላለች። ዓርብ ችሎት ትቀርባለች። ከተፈረደባት ገመድ ነው።

ባልቻ መጀመሪያ የሄደው ሌላዋ አዋላጅ ብርቄ ዘንድ ነበር።

«ትቀኚባታለሽ ይባላል።»

«እቀናለሁ! ምን አባቴ ልደብቅ? ሴቱ ሁሉ ከድጄ፣ ከድጄ! ግን የሞቱብኝን የምነግረው ለእሷው ነው። በዚያ ቅል ውስጥ የእኔም አሉ። የራሴን ጉድ ሰርቄ ለጣሊያን ልስጥ?»

እውነቷን ነው። የቀረው የጠጠሩን ልክ በክሱ የጻፈው ሸዋንግዛው ነበር። ባልቻ ግን ራሱን ጠረጠረ። የሸዋንግዛው ብስክሌት፣ ካኪ ልብሱ፣ ደመወዙ ለወራት ዓይኑን ሲያቀላው ኖሯል። የሚጠቁመኝ ማስረጃ ነው ወይስ ምቀኝነቴ? ሌሊቱን ይህንኑ ሲያላምጥ አደረ።

ዓርብ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ ስለ ከድጄ ሊከራከር በጣሊያኑ ሹም ፊት ቆመ። አስተርጓሚው መሃል ቆሞ ይተረጉማል።

«ስልሳ አንዱን እንዴት ቆጠርክ?» አለው ባልቻ ሸዋንግዛውን።

«መቃብር ቆጥሬ» አለ ሸዋንግዛው።

«የት?»

«ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ።»

«ትናንት ዞሬያለሁ። የዘንድሮ የሕፃን መቃብር አራት ነው።»

ሸዋንግዛው አንገቱን አበሰ። «አፈር ውጦት ይሆናላ።»

«ልጄ በሃያ ቀኗ ሞተች። ክርስትና ስላልተነሳች ከጓሮዬ እንሰት ሥር ነው የቀበርኳት። የሌሎቹም ሕፃናት እንዲሁ በየጓሯቸው ናቸው። እሷን የት አግኝተህ ቆጠርካት?»

ሸዋንግዛው ወደ በሩ አየ። ባልቻ ቀጠለ።

«ስልሳ አንዱን የሚያውቅ አንድ ቅል ብቻ ነው። የሚቆለፍ ዕቃ ያለህ የመድኃኒት ሳጥንህ ብቻ ነው፤ አስመጣና ክፈተው።»

ሳጥኑ መጣ። ቅሉ ከፋሻ ሥር ተሸጉጧል።

«ሰባት ወር ሙሉ!» አለ ሸዋንግዛው፣ ድምፁ እየተሰበረ። «ኖራ የተቀባ ቤት ከፍቼ ሰባት ወር! ነጭ ጋዋን ለብሼ ስጠብቅ ሴቶቹ በደጄ እያለፉ ወደ ከድጄ ጭቃ ቤት ይሄዳሉ። ሰገነት እንኳ፣ የገዛ ሚስቴ፣ እዚያ ሄዳ ወለደች! ምን አላት እሷ?»

ሹሙ ለሌባው ግድ አልነበረውም። የገረጣው የክሱ ቁጥር እውነተኛ የሞት ቁጥር መሆኑን ሲረዳ ነው። ለአለቆቹ የጻፈው «በአስተዳደራችን የሞቱ ሕፃናት አራት ብቻ» ብሎ ነበር። መንገድ ቆጥሯል፤ ድልድይ ቆጥሯል፤ አራስ ቤት የገባውን ሞት ግን መቁጠር አልፈለገም። አገር መታመሟ የሚታወቀው እዚያ ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ አገሩን ሳይሆን ወረቀቱን ነበር የሚያክመው።

ክሱን ቦጫጨቀው። «ስልሳ አንድ የሚባል ነገር የለም። ልቀቋት። ይሄንንም ቅል ድፉት!»

ጠጠሩ ከግቢው አቧራ ላይ ተበተነ። ሸዋንግዛው ብስክሌቱን ተነጥቆ በእግሩ ወጣ። ባልቻ ዓይኑን አነሳ፤ ብስክሌቱ ግን ምንም አላሰኘውም።

ከድጄ ተንበርክካ መልቀም ጀመረች። ባልቻም አጠገቧ ተንበረከከ።

«ስልሳ» አለች በመጨረሻ። «አንድ ጎደለ።»

ባልቻ ጨብጦ የያዘውን መዳፉን አየ።

«ይቺን ለእሌኒ ልወስድላት ነበር።»

«እሌኒ እኮ ወደ ቅሉ ያመጣቻት ብቻዋን እንዳትሆን ነው።»

መዳፉን ከፈተ። ቅሉ እንደገና ስልሳ አንድ ሆነ።