ደፉ ላይ ያለው ጫማ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ጅምሩን ልጅቷ ነገረችኝ፣ መጨረሻውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፌብሩዋሪ 2021፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ኮሎምበስ፣ ሬይኖልድስበርግ።

ጨለማ የለም፣ ነፋስ የለም። ውጭው ፀሐይ የወጣበት በረዶ ነው...

ኤልዳና እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ባሕር የዋጣቸውን የጥንት ከተሞች የምታጠና ልጅ ናት። ኮቪድ ዩኒቨርሲቲውን ስለዘጋው የምትሠራው ከቤት ነው። ቀይ ባሕር ዳር የሰመጠ አንድ የወደብ ከተማ አለ፤ ጠላቂዎች እዚያ የቀረጹትን ቪዲዮ ይልኩላታል። እሷ ግድግዳውን፣ እንስራውን፣ በሩን እየለየች ምልክት ታደርጋለች።

እናቷ እትዬ ደስታ ያንን ባሕር አይወዱትም። ያሳደጉት ታናሽ ወንድማቸው ያደታ ከዓመታት በፊት በጀልባ ወደ የመን ሲሻገር ድምፁ ጠፋ።

"እስር ቤት ይሆናል" ይላሉ። "ስልክ ከልክለውት ነው።"

ይደውላል ብለው የስልክ ቁጥራቸውን እንኳ አልቀየሩም።

ያደታ ሰምጧል። ከእሳቸው በቀር ይህን የማያውቅ ዘመድ የለም፤ አብሮት የነበረ ልጅ ተርፎ ተናግሯል። ግን ደም ግፊት አለባቸው ተባለ። ፋሲካ ይለፍ ተባለ። ከዛሬ ነገ ሲባል ኮቪድ መጣና ጭራሽ ሆድ ይፍጀው ሆነ። ይህን ደግነት ይሉታል። እኔ ጭካኔ ነው የምለው።

ያን ጠዋት የመጣው ቪዲዮ አንድ የድንጋይ ቤት ያሳያል። የጠላቂው መብራት ጠባቡን መንገድ ይዞ ሄደ... ሄደ... በሩ ጋ ቆመ።

አሸዋ ሁሉንም ሸፍኗል። የበሩ ደፍ ግን ንጹሕ ነው፤ ሰው የጠረገው ይመስላል።

ደፉ ላይ አንድ ጥንድ የፕላስቲክ ጫማ አለ።

ባሕር ምን የማያመጣው አለ ብላ አለፈችው። ከዚያ ልቧ አልቆርጥ አላትና ወደ ኋላ መልሳ አየችው።

ጫማው ሁለት ጥንድ ሆኗል።

እንደገና መለሰችው... ደፉ ሞላ። እንግዳ የገባበት ቤት ይመስል ጫማው ተደርድሯል።

ለጠላቂዎቹ አለቃ ኮል አደረገች።

"የምን ጫማ?" አላት። "እኛ ጋ ያለው ባዶ ደፍ ነው።"

ቪዲዮውን አስቀጠለችው። መብራቱ ወደ ውስጥ ገባ። ግድግዳውን ተከትሎ የድንጋይ መደብ አለ።

መደቡ ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል።

አቀርቅረዋል። ነጠላ አዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። ውሃው ይንቀሳቀሳል... ነጠላው አይንቀሳቀስም።

ኤልዳና ባኞ ቤት ገብታ በሯን ዘጋች። የዘመዱ ሁሉ ሽማግሌ ለሆኑት ለጋሽ ሰብስቤ ደወለች።

"ጋሼ... ለማሚ ንገሯት። ዛሬውኑ።"

"ምን ነካሽ ልጄ? በዚህ ኮቪድ ማን ይሰበሰባል? መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ ሄዶ ነው።"

"እኔ ልንገራት?"

"ብቻሽን? ብትወድቅብሽስ? ክትባቱ ይድረስና..."

"ጋሼ፣ ፕሊስ። ሌላ ሰው ሊነግራት ነው መሰለኝ።"

"ማን?"

ስልኩን ዘጋችው።

ስትወጣ እናቷ ላፕቶፑ ፊት ቆመዋል።

"ይሄ የማን ቤት ነው?"

"የድሮ ከተማ ነው ማሚ። ኢትስ ጀስት ወርክ።"

"ታዲያ ያደታ እዚያ ምን ይሠራል?"

ኤልዳና ዞራ አየች። መደቡ ባዶ ነው። ደፉም ባዶ ነው።

"ማንም የለም ማሚ።"

"አሁን እኮ ተነሡ" አሉ እናቷ በሹክሹክታ። "እየመጡ ነው።"

ኤልዳና ያን ቀን ሙሉ ልንገራት አልንገራት ስትል ዋለች። አልነገረቻቸውም።

እሑድ ገና ሲነጋ በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ደስታ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ሶፋውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ነበር። ከፈቱ። ኤልዳና ከኋላቸው ቆማ ያየችው በረዶ ብቻ ነው።

"ግቡ... ግድ የለም፣ ጫማችሁን አታውልቁ።"

ጎን ብለው አሳለፉ። ረጅም ጊዜ ቆመው አንድ በአንድ አሳለፉ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡና ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

አላለቀሱም። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"አንቺ ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?"

ኤልዳና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"ያን ሁሉ ዓመት ስልኬን ታቅፌ ስታዪኝ?"

ያኔ የተሰማው ጩኸት የኤልዳና ነው። እኔም ሰምቼ በሸሚዝ ብቻ ሮጥኩ። በሩ ክፍት ነበር።

ደፉ ላይ የፕላስቲክ ጫማ ተደርድሯል፣ ውሃ ያንጠባጥባል። በረዶው ላይ ከእኔ ዱካ በቀር ዱካ የለም። ሶፋው ከዳር እስከ ዳር ርሷል።

"እትዬ ደስታ..." አልኩ።

ቀና ብለው አላዩኝም። ለአንድ ሰው ቦታ ለመልቀቅ ቀስ ብለው ጠጋ አሉ።

ከጎናቸው ያለው ደረቅ ምንጣፍ ሲርስ አየሁት።