ወደ ቀኝ የምትስብ መኪና

«እዚህ ቤት ሰው የለም?»

መኪና ሥር ተኝቼ ነበር። እግሬ እስከ ጉልበቴ ወደ ውጭ ወጥቷል። ታዲያ ሰው የለም የሚያሰኘው ምኑ ነው?

«እግሩ አይታይዎትም?» አልኩ።

«እግር መኪና አይሠራም!»

ሳቄ መጣ። ቶሎ ልውጣ ስል ግንባሬን ከብረቱ ጋር አጋጨሁት። እንግዲህ የልቤን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ግንባሬን በዘይት እጄ እያሻሸሁ ነው። እሷ ግን አልሳቀችም። ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ አጥፋ፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ፣ ደክሟት ቆማለች።

«መኪናዋ ወደ ቀኝ ትስባለች» አለችኝ። «ሁለት ጋራዥ ወስጃት ነበር። ሁለቱም አስተካክለናል ብለው መለሱልኝ። አሁንም ትስባለች። ልትሸጥ ነው፤ ግን በሽታዋን ደብቄ ለሰው መስጠት አልፈልግም።»

ይቺ የመጨረሻዋ ንግግሯ ልቤን ነካችው። ስንቱ በሽታውን ቀባብቶ ሲሸጥ በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ።

«ሁልጊዜ ነው የምትስበው?»

ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አወጣች። የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሰዓቱን፣ መንገዱን፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን ሳይቀር ጽፋዋለች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ቁልቁለቱን ወርዳ ገበያው ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ መሳብ ትጀምራለች። ቆማ ስትቆይ ደግሞ ይተዋታል። በአሥራ አምስት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም።

የሰፈር ሰው «ቀስ በቀስ» ይለኛል። ሥራ አያጣድፍም ለማለት ነው፤ ማሾፍም አለበት። ለእሷም መኪና እንደዚያው ሆንኩ። መጀመሪያ የጎማዎቹን ንፋስ ለካሁ፤ እኩል ነው። በማግስቱ የፊት ሁለቱን ጎማዎች ግራና ቀኝ አቀያየርኳቸው። ጥፋቱ የጎማ ቢሆን ኖሮ አሁን ወደ ግራ በሳበች ነበር። አሁንም ወደ ቀኝ! በሦስተኛው ቀን ከሥር ያሉትን መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ እየነቀነቅኩ አየሁ፤ የላላ የለም።

«ለምን ሁሉንም ባንዴ ቀይረህ አትገላገልም?» አለችኝ።

«ሁሉንም ባንዴ ብቀይር የቱ እንደነበር በምን አውቃለሁ ብለው ነው?»

ያኔ ፈገግ አለች። «እኛም ጋ እንደዚያ ነው የሚሠራው» አለች። «ደግሞ አንቺ በለኝ፣ እባክህ። አንቱ ስትለኝ እናቴን የምታናግር ይመስለኛል።»

በምሳ ሰዓቷ እየመጣች አብረን መንገድ እንወጣለን። እሷ ትነዳለች፣ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ስለ መኪናዋ ላዳምጥ ነበር የገባሁት፤ ውሎ አድሮ እሷን ነበር የማዳምጠው።

«የአባቴ መኪና ናት» አለችኝ አንድ ቀን። «ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል፤ አንድ ሰው ገጭቶ አያውቅም። ከሰባት ወር በፊት እናቴን ይዟት ሲሄድ ከቁልቁለቱ ሥር ምሰሶ ገጨ። የእናቴ እግር ተሰበረ። ይኸው እስከ ዛሬ ታነክሳለች።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«‹መኪናዋ ሳበችኝ› አለ። ማን ይመነው? እኔ ራሴ...» ድምፅዋ ተቆረጠ። «‹አባዬ፣ እርጅናህን መኪና ላይ አታላክክ› አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን እያየ ይቀመጣል። ከእናቴ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አይበላም፤ ያፍራታል። መኪናዋ ተጠግና እኔ ስይዛት ስትስብ ጊዜ፣ አደጋው ያበላሻት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። አባቴ እውነቱን ቢሆንስ?»

መሪው ላይ ያለ እጇን በእጄ ሸፈንኩት። አላሸሸችውም።

በአምስተኛው ቀን ቁልቁለቱን ፍሬን እየያዘች ወረደች። ታች ስንደርስ አስቆምኳትና መዳፌን ወደ ጎማዎቹ አስጠጋሁ። የግራው ለብ ብሏል። የቀኙ ያቃጥላል! በክሪክ አንስቼ የቀኙን ጎማ ባዞረው እንቢ አለኝ።

«እግርሽን ከፍሬኑ ካነሳሽ በኋላም ይሄኛው አልለቀቀም» አልኳት። «አንድ ጎማ ብቻውን ታስሮ ነው የምትነጂው።»

ወደ ጋራዥ ተመልሰን የፍሬን ዘይት ወደ ጎማው የምታደርሰዋን የላስቲክ ቱቦ ፈታሁና በቢላ ለሁለት ሰነጠቅኳት። ውስጧ ተልጦ መንገዱን ዘግቶታል። ፍሬን ሲረገጥ ዘይቱ ተገፍቶ ያልፋል፤ ሲለቀቅ ግን መመለሻ የለውም።

«አደጋው ነው እንዲህ ያደረጋት?» ትንፋሿን ይዛ ጠየቀችኝ።

«አይደለም። ይሄ ተመትቶ ሳይሆን ተቆንጥጦ ነው የተጎዳው። ከአደጋው በፊት...»

ቱቦዋን ወደ ብርሃን አዞርኳት። ቱቦዋ ላይ የፒንሳ ጥርስ አርፎባታል። ፍሬን ሲፈታ ዘይቱ እንዳይፈስ ቱቦውን በፒንሳ ቆንጥጦ መያዝ የሰነፍ መካኒክ ዘዴ ነው። ከውጭ ምንም አይመስልም፤ ከውስጥ ግን ይቀደዳል። የጥርሱ ምልክት ተደርድሮ ተደርድሮ መሐል ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነው።

የኔ ፒንሳ መሐል ላይ አንድ ጥርሱ ተሰብሯል።

«አባቴ እውነቱን ነበር!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እንባዋ ቱታዬን አራሰው። «ነገ ምሳ ሰዓት ቤታችን ና። አንተ ንገረው። እኔን ባያምነኝም አይፈረድበትም።»

ስትሄድ የሥራ መዝገቡን ገልጬ የሰሌዳ ቁጥሯን ፈለግኩ። ከአደጋው ሁለት ወር በፊት፣ የቀኝ የፊት ፍሬን ጎሚኒ፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ላስቲክ፣ ተቀይሯል። ጽሑፉ የኔ ነው፤ መኪናዋን ግን አላስታወስኳትም ነበር። ለካ ያን ቀን ተጣድፌ ነበር።

አዲስ ቱቦ ገጠምኩላት። አሮጌዋን የቁርጥራጭ በርሜሉ ላይ ይዤ ብዙ ቆምኩ። ብጥላት ማን ያውቃል? ሽማግሌው ክብራቸውን ያገኛሉ፣ እኔም ልጅቷን አገኛለሁ። አንዲት ቃል ብቻ ልዋጥ... እውነቱን ልናገር፣ በጣም ከጅሎኝ ነበር።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ደጃፉ ላይ ካሉት አራት ደረጃዎች አናት ሆነው በምርኩዝ ጠበቁኝ። «ግባ ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አሉኝ። እግራቸውን ማየት አቃተኝ። አባቷ መስኮቱ ሥር ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ስባዎታለች» አልኩ። የተሰነጠቀችውን ቱቦ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። «ጥፋቱ የእጅዎ አልነበረም።»

እናቷ ግድግዳውን ተደገፉ። ሽማግሌው ቱቦዋን አገላበጧት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሷት። የሠላሳ ዓመት ሹፌር ናቸው፤ ማንም ሳያሳያቸው አገኙት።

«ይሄ ፒንሳ ነው» አሉ። «ማን ነው እንዲህ የያዛት?»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

እሷ ከወንበሯ ተነሳች። «ምን?»

«ከአደጋው በፊት እኔ ጋ ነው የተሠራችው። በመዝገብ አይቻለሁ። ፒንሳውም የኔ ነው።»

«ትናንት ሳቅፍህ... ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ውጣልኝ!»

ወጣሁ። አራቱን ደረጃዎች እንዴት እንደወረድኳቸው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት እሷም አልደወለች፣ እኔም አልደወልኩ። ምን ብዬ? እግር ሰብሬ፣ አባት አዋርጄ፣ ናፈቅሽኝ ልበላት? ናፍቃኝ ግን ነበር። በምሳ ሰዓት የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል። ጋራዡ ውስጥ ፒንሳ ቱቦ እንዳይነካ ከለከልኩ፤ ፒንሳዬን ራሴ በመዶሻ ሰበርኩት። ምን ይጠቅማል? የእናቷን እግር አይመልስ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ ቀጥ ብላ ግቢ ገባች። የያዟት አባቷ ናቸው። ወርደው ፊቴ ቆሙ።

«ለምን ነገርከኝ?» አሉኝ። «ግማሹን ነግረኸኝ ብትተው ኖሮ መርቄ ነበር የምሸኝህ።»

«ልጅዎን ስለምወዳት ነው፣ ጋሼ። እየዋሸኋት ከጎኗ መቀመጥ አልችልም።»

ሽማግሌው የመኪናዋን ቁልፍ ኪሳቸው ከተቱ። «ሹፌር ሰው ሲገጭ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አይሮጥም። አንተም አልሮጥክም። ይቅር ማለቱ ግን የኔ ሥራ አይደለም።»

«አዎ፣ የኔ ነው!» አሉ እናቷ ከመኪናዋ መስኮት። «የተሰበረው እግር የማን ሆነና? አንተ ልጅ፣ ምን ተገትረህ ታያለህ? ና ደግፈኝ፣ ልውረድ።»

ጠጋ ብዬ ክንዴን ሰጠኋቸው። ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉብኝ። ሁለት እርምጃ ሄደው የኋላውን መስኮት በምርኩዛቸው ቆረቆሩ። እሷ እዚያ ነበረች፤ ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች።

«ውረጂ እንጂ ልጄ! እኔ ከነእግሬ ከወረድኩ አንቺን ምን ያዘሽ?»

ወረደች። ከስታለች። ፊት ለፊቴ ቆመች።

«አንድ ቀን ሙሉ ደብቀኸኛል» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሁለተኛ አንዲት ሰዓት እንኳ...»

«አንዲት ሰዓት እንኳ አልደብቅሽም።»

ግንባሯን ደረቴ ላይ አሳረፈች። እኔም አለቀስኩ፤ ሠራተኞቼ ፊት፣ ሳላፍር።

ይኸው ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆነን። እናቷ ዛሬም ያነክሳሉ፤ ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ አይድንም ብለዋል። ደረጃ ሥር ሲደርሱ ባላቸውም ልጃቸውም አጠገባቸው ቆመው እያለ ማንንም አይዙም። እኔን ነው የሚጠሩት።