ሦስተኛዋ ሬዲዮ

«መጣ! መልስ መጣ!» አለች እናቷ፣ ከመስኮቱ ሳትርቅ።

አንቴና አንድ እግሯን ካልሲ ውስጥ እንደከተተች እየዘለለች ከጎኗ ደረሰች። «አንቴና» ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ በአንድ ክረምት ቁመቷ ተመዞ ስትመለስ። ከክፍል ወደ ሰፈር፣ ከሰፈርም ወደ ቤት ገባና እናቷም ሳትወድ በግዷ ለመደችው። በእናቷ መዳፍ ላይ ያለችው የመልእክት ሬዲዮ ትንሽ ስክሪን፣ ከሥሩም የምስር ፍሬ የሚያካክሉ የኪቦርድ ቁልፎች አሏት። ሲም ካርድም ሆነ ኔትወርክ አትፈልግም፤ የተጻፈባትን በራሷ አየር ላይ ለጓደኛዋ፣ ለመሰሏ ሬዲዮ፣ ትልካለች። ጓደኛዋ ደግሞ ያን ሰዓት ወደ ቀፎዎቹ ብለው በወጡት በአያቷ ኪስ ውስጥ ነበረች።

ስክሪኑ ላይ «ቀፎዎቹ ጋ ነኝ። ደህና ነኝ። አትጨቅጭቁኝ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል።

«ይሄስ ራሳቸው አባዬ ናቸው!» ብላ እናቷ ከልቧ ሳቀች። እንዲህ ከሳቀች ሰንብታለች።

አያቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። መሪውን ከጨበጡ አፋቸውን የሚይዝላቸው አልነበረም፤ ተሳፋሪው ሲደርስ «ምነው መንገዱ አጠረ!» እያለ ይወርድ ነበር ይባላል። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ከጉሮሯቸው እጢ በቀዶ ጥገና ሲወጣ ድምፃቸውም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንገታቸው ላይ ፊሽካ አለ። አንዴ ከነፉ እናቷን ፈልገዋል፤ ሁለቴ ከነፉ አንቴናን። በረጅሙ ከነፉ ተናደዋልና ሁሉም ሰው ቢሸሽ ይሻለዋል።

ንቦቻቸው ያሉት ከኮረብታው ማዶ፣ ጅረት የሚወርድበት ጎድጓዳ ውስጥ ነው። እዚያ ስልክ አይሠራም። ባለፈው ወር ጭቃው አዳለጣቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ወለም አላቸው። ከንፈራቸው እስኪሰነጠቅ ፊሽካውን ቢነፉ የሰማ ሰው አልነበረም። እናቷ ከሥራ ተመልሳ ፍለጋ ወጥታ ስታገኛቸው ጀንበር እያዘቀዘቀች ነበር። እናቷ የክሊኒክ ነርስ ናት፤ ቁስልና ደም አያስደነግጣትም። የዚያን ቀን ግን ፋሻውን ሁለቴ ጠቅልላ ሁለቴ ስትፈታው አንቴና አይታለች።

«ወይ የምንገናኝበት መላ ይገኝ፣ ወይ ቀፎዎቹ ይሸጡ» አለች በማግስቱ። አንድ የማር ነጋዴ መጥቶ ቀፎዎቹን አይቶ ወዷቸዋል። አያቷ በረጅሙ ነፉ፤ እናቷ ግን አልሸሸችም።

በድምፅ የሚያነጋግር ሬዲዮ ድምፅ ለሌለው ሰው ምን ይፈይዳል? ጽሑፍ የሚልክ ያስፈልግ ነበር። ቤት ውስጥ «ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚከፈተው?» ሲባል የምትጠራው አንቴና ስለሆነች፣ መርጦ የማምጣቱም ሥራ ለእሷ ተሰጠ።

ሌላው ሰው እርሳስ በሚሰካበት ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ ቁራጭ ሽቦ የማያጡት የጥገና ሱቁ ባለቤት፣ እትዬ ሽቦ፣ ሁለት ካርቶን ከፈቱላት።

«ዋጋቸው እኩል ነው» አሉ። «እነዚህ ሁለቱ ባለኪቦርድ ናቸው፤ ያሻሽን ትጽፊባቸዋለሽ። እነዚህ ሦስቱ ተራ ናቸው። የመጣልሽን ታነቢባቸዋለሽ፤ ስትልኪ ግን አስቀድመሽ ከሞላሻቸው አጫጭር ቃላት በዚህች ቁልፍ እየመረጥሽ ነው። ረዘም ያለ ነገር ካማረሽ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ታገናኚያቸዋለሽ።»

«ሦስተኛዋ ለማን ናት? እኛ እኮ የምንጻጻፈው ከአባባ ጋር ብቻ ነው።»

«ለማንም አይደለችም፤ የመሃል ናት። ሬዲዮ ኮረብታ ሰርስሮ አያልፍም፣ ልጄ። እሷን ከላይ ብታስቀምጫት ከወዲህ የሰማችውን ወዲያ፣ ከወዲያ የሰማችውን ወዲህ ታደርሳለች። ወሬኛ ጎረቤት በያት፤ የሰማችውን ሳታቀብል አታድርም። የምትኖረውም ከጀርባዋ በተለጠፈው ሶላር ነው።»

አንቴና ጆሮዋን ሰጥታ ዓይኗን ግን ከባለኪቦርዷ ላይ አላነሳችም። «ይቺ ግን ፏ ያለች ናት!» አለች። «ደግሞ አባባ መናገር አይችሉም። የልባቸውን መጻፍ የለባቸውም እንዴ? "ደህና ነኝ"ን እየመረጡ ብቻ ሊኖሩ ነው?»

ያለችው እውነት ነበር። ያላለችው ነገርም ነበር፤ ያቺን ሬዲዮ ሰኞ ክፍል ይዛ ስትገባ፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ሁሉ «እስቲ አሳዪን!» እያሉ ሲከቧት በዓይነ ሕሊናዋ አይታለች።

«እሱም አንድ ነገር ነው» አሉ እትዬ ሽቦ። «እስከ ሰኞ ሞክሯቸው። ከቤት ደጃፍ ሳይሆን አያትሽ ከሚውሉበት ቦታ ሞክሩ። ካልሆነ ሳይቧጨሩ መልሰሻቸው ሦስቱን ትወስጃለሽ።»

እና ይኸው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሠራ። እናቷ ወዲያው ስልኳን አንስታ ለማር ነጋዴው ደወለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንሸጥም» ስትለው አንቴና ልቧ ቅቤ ጠጣ።

አያቷ ለምሳ ሲደርሱ የንብ ማጨሻውን ተቀበለቻቸው። ቧንቧ ያለው ቆርቆሮ ነው። ጠዋት ደረቅ ሣርና የጆንያ ቁራጭ መጠቅጠቅ፣ ሲመለሱም አመዱን መድፋት የእሷ ሥራ ነው። ጓሮ ወስዳ ክዳኑን ስትከፍት አመድ የለም። ጠዋት የጠቀጠቀችው ሣር እንዳለ ተቀምጧል፤ ጫፉ እንኳን አልጠቆረም።

አያቷ ንቦቻቸውን ሳያጨሱ ቀፎ ከፍተው አያውቁም። ዞር ብላ ጫማቸውን አየች። ደረቅ ነው። ቀፎዎቹ ጋ ለመድረስ ጅረቱን መሻገር ግድ ነው፤ ከዚያ በደረቅ ጫማ የተመለሰ ሰው የለም።

ቀና ስትል አያቷ የጓሮውን በር ተደግፈው ያዩዋታል። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«አባባ፣ ቀፎዎቹ ጋ አልወረዱም?»

ሬዲዮዋን ከኪሳቸው አወጡና በወፍራም ጣታቸው ቀስ እያሉ ጻፉ። «መላኪያ» የምትለውን ቁልፍ ሳይነኩ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞሩት፤ ካገኟት ጀምሮ ወሬያቸው እንዲህ ሆኗል። «ትናንት ብቻዬን ወርጄ ሞከርኩ። ከታች አይደርስም። ዛሬ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ሆኜ ላክሁ።»

«ለምን ዋሹን?»

«ቀፎዎቹ ይሸጡብኛላ።»

«እትዬ ሽቦ ሦስተኛ ሬዲዮ ኮረብታው ላይ ከተቀመጠች ይደርሳል ብለዋል እኮ! ሄደን እንቀይራቸው።»

አያቷ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮረብታው ጫፍ ላይ ሬዲዮዋ የምትቀመጥበት ጣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ የልብስ ሰፊዋ። ገና ድምፅ ሳላቸው፣ አንድ መንጋ ንብ ከቀፎ ወጥቶ የሴትየዋ ኮርኒስ ውስጥ ሰፈረ። እሷ ተቆጣች። እሳቸውም ሰው በተሰበሰበበት፣ ለሳቅ ብለው፣ «ንቦቼ ምን ያድርጉ፣ ቤትሽ ባዶ ቀፎ መስሏቸው ነው!» አሉ። ልጆቿ አድገው ከሄዱ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። የሳቀ አልነበረም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በደጇ ሲያልፉ አንገታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ።

«እሷን ከምለምን ንቦቹ ይጨርሱኝ» ብለው ጻፉ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩበት። «አንቺም ባለኪቦርዷን ወደሻታል።»

አንቴና ፊቷ ጋለ። የማጨሻውን ክዳን መልሳ ገጠመችው።

ምሳ ላይ እናቷ እንደ ልጅ ትፍለቀለቃለች። «ነገ እሑድም ተረኛ ነኝ፤ ግን አሁን ምን ገዶኝ!» አለች፣ ሬዲዮዋን በነጩ ጋውኗ ኪስ ልክ እየሞከረች። «መርፌ ስወጋ ልቤ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ነበር የሚውለው። ከእንግዲህ ካልጻፉ ደህና ናቸው ማለት ነው።»

አንቴና ያነሳችውን ጉርሻ ሳህኗ ላይ መለሰችው። ካልጻፉ ደህና ናቸው። አያቷ እዚያ ጭቃ ውስጥ ወድቀው ቁልፉን እየተጫኑ፣ እናቷ ክሊኒክ ውስጥ ዝምታውን ደህንነት ብላ ስትስቅ ታያት። በፊት ቢያንስ ትሰጋ ነበር፤ ስትሰጋ ወጥታ ትፈልጋለች። አሁን አትወጣም። አያቷን አየቻቸው፤ እሳቸው ሳህናቸውን ያያሉ።

እሑድ ጠዋት እናቷ ወደ ሥራ ስትሄድ አያቷ ማጨሻውን አነሱ። ሳይፈተሹ የቀሩት ቀፎዎች ይጠብቃሉ። አንቴና ጫማዋን አሰረች።

«አብሬዎት እወርዳለሁ» አለች።

በልብስ ሰፊዋ ደጅ ሲያልፉ የስፌት መኪናው ይንጣጣል። አያቷ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን አዞሩ። ቁልቁለቱን ወረዱ፤ ጅረቱን ተሻገሩ፤ የሁለቱም ጫማ ውኃ ጠጣ። ጎድጓዳው ጸጥ ያለ፣ የንብ ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ነው። አያቷ ማጨሻውን ለኩሰው የመጀመሪያውን ቀፎ በር በስሱ አጠኑት። ክዳኑን ሲያነሱ እጃቸው እንዴት እንደሚቀል ታውቀዋለች፤ ከመሪው ወዲህ ያ እጅ እንዲህ የሚሆነው እዚህ ብቻ ነው። ይህን ቦታ የሚያስቀርባቸው ነገር እንዲመጣ ፈጽሞ አትፈልግም። ግን ድንጋዩንም አየችው፤ ያን ቀን ተደግፈውት የዋሉትን።

«አባባ፣ ሬዲዮዋን ይስጡኝ።»

ሰጧት። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ጻፈች።

«እማዬ፣ ቀፎዎቹ ጋ ነን። ከዚህ ምንም አይደርስም። የትናንቱ መልስ ከኮረብታው ጫፍ የተላከ ነው። እኔም አውቄ ዝም አልኩሽ። ነገ መልሻቸው ሦስቱን ተራዎች አመጣለሁ።»

መላኪያውን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ ትንሿ ምልክት ዞረች፣ ዞረች፤ ከዚያ «አልደረሰም» አለች። ደግማ ተጫነች። «አልደረሰም።»

አያቷ መነጽራቸውን አድርገው ከትከሻዋ በላይ ሲያነቡ ትንፋሻቸው ይሰማታል።

«ጫፉ ላይ ስንደርስ እልከዋለሁ» አለች። ወደ እሳቸው ዞረች። «ሳትነግሪኝ ላክሽ እንዳይሉኝ ብዬ ነው አሁን የጻፍኩት። ይቆጡኝ ከፈለጉ፣ አባባ። በረጅሙ ይንፉብኝ። እኔ ግን እርስዎ ዝም ባሉ ቁጥር እማዬ ደህና ናቸው እያለች እንድትስቅ አልፈልግም።»

አያቷ ፊሽካቸውን በሁለት ጣታቸው ያዙት። አንቴና ጆሮዋን ልትይዝ ደርሳ ነበር። አልነፉም። ሬዲዮዋን ከእጇ ወሰዱና ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቀስ እያሉ ጻፉ፤ ንቦች በባርኔጣቸው ዙሪያ ይመላለሳሉ። ሲመልሱላት «እኔም አውቄ ዝም አልኩሽ» የሚለው ተሰርዟል። በቦታው «የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ልጅቷን እንዳትቆጪያት» ተብሏል።

«እንዲህ አይደለም የሆነው» አለች አንቴና። የራሷን ዓረፍተ ነገር ከእሳቸው ሥር መልሳ ጻፈችው። አያቷ አዩዋት፤ ከዚያም ትከሻቸው ብቻ ሳቀ።

ቀፎዎቹን ሁሉ ፈትሸው ሲጨርሱ ዳገቱን ወጡ። ጫፉ ላይ፣ ከታች የከተማው ቆርቆሮ ጣሪያ ሲያብረቀርቅ፣ አንቴና መላኪያውን ተጫነች። ምልክቷ አንዴ ዞረችና «ደረሰ» አለች። ባለኪቦርዷን በአውራ ጣቷ ደባበሰቻት። ሰኞ ክፍል የምትገባው ባዶ እጇን ነው።

መልስ ሳይመጣ አያቷ እጃቸውን ዘረጉ። ሬዲዮዋን ሰጠቻቸው። ቆመው ጻፉ፤ ሰረዙ፤ እንደገና ጻፉ። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ በር ሄዱ። አንገታቸውን አላዞሩም።

አንቴና ተከትላ በትከሻቸው በኩል አነበበችው። «ጎረቤቴ፣ ቤትሽን ባዶ ቀፎ ያልኩት ይቅር በይኝ። ልለምንሽ የመጣሁት ሌላ ነገርም አለ፤ መጀመሪያ ግን ይሄን።»

መላኪያውን አልተጫኑም። በሩን ሦስቴ መቱ፤ ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። አያቷ ስክሪኑን በሁለት እጃቸው ወደ ፊት ይዘው፣ የሚቀርበውን የእግር ኮቴ እያዳመጡ ጠበቁ። አንቴና ከኋላቸው ቆማ ጣሪያውን ቃኘች። ጫፉ ላይ፣ ፀሐይ በደንብ በሚመታው በኩል፣ ለአንዲት ትንሽ ሬዲዮ የሚበቃ ቦታ ነበር።