ያልነበረው ብየዳ

ዶርቃ መኪና ልትገዛ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ሳትናደድ የዋለችበት ቀን የለም።

ገንዘቡን የቋጠረችው እሷ። መንጃ ፈቃድ ያላት እሷ። ከትውልድ አገሯ ከጎፋ ኮረሪማ እያስመጣች፣ ለቡ ላይ መጋዘን ተከራይታ የምትነግደው እሷ። ደላላ ግን የሚያናግረው አብሯት የቆመውን ወንድ ነው። ብቻዋን ከሄደች ደግሞ «ሰው ይዘሽ ነይ» ይላታል፣ እሷ ሰው ያልሆነች ይመስል።

«ማዘር፣ ይሄ ለአንቺ ይከብዳል። ትንሽ የቤት መኪና ላሳይሽ» አላት ግዛው የሚባል ደላላ፣ ከብስራተ ገብርኤል ወረድ ብሎ ባለው የአሮጌ መኪና ግቢ።

«ማዘርህ ቤት ናት! እኔ ገና ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። የሚከብደኝንና የሚቀለኝን እኔ አውቃለሁ።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ስለ መኪና ብዙ አታውቅም። የምታውቀው መንገዱን ነው። ከሳውላ ከተማ በላይ ወደ እናቷ መንደር የሚያወጣው መንገድ ግማሹ ድንጋይ፣ ግማሹ ጭቃ ነው። ከሞተር ሳይክል በቀር የሚደፍረው የለም። እናቷ ደግሞ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ሐኪሙ ‹አምጪያትና ይገፈፍላታል› ብሏታል፤ እሳቸው ግን ሬሳዬ ካልሆነ ሞተር ሳይክል ላይ አይወጣም ብለዋል። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጨርሶ ይዘጋል።

ስለዚህ ዶርቃ መልክ አልፈለገችም። ክረምቱን ቀድሞ የሚደርስ፣ ዳገት የማይፈራ፣ እናቷን አስተኝታ የምታመጣበት፣ ጫካ መሀል የማይከዳት አሮጌ መኪና ነው የፈለገችው።

«ሂርጳን ያዢ» አለቻት ጎረቤቷ ናዝሬት። «መኪና ያውቃል። ወሬ አያውቅም።»

ሂርጳ የፉሪ ልጅ ነው። አያቶቹ ጤፍ የዘሩበት ማሳ ላይ ዛሬ ፎቅ በቅሎበታል፤ ለቤተሰቡ የተረፈው አንድ ሰፊ ግቢ፣ ጥቂት ላሞችና የሚከራዩ ክፍሎች ናቸው። እሱ ግን ወጣትነቱን የጨረሰው መሪ ላይ ነው። መንገድ ቀያሾችን ጭኖ ያልገባበት በረሃ የለም። ዝምታው ዶርቃን መጀመሪያ አናደዳት። ኋላ ለመደችው። ከዚያም፣ ለማንም ባትናገርም፣ ሳትሰማው የዋለች ቀን አንድ ነገር ይጎድላት ጀመር።

መኪና አጠገብ ሲደርስ፣ ባለቤቱን ሰላም ከማለቱ በፊት መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችው የመጀመሪያው ቀን።

«ሙቀቱን እያየሁ። ሞቆ ከጠበቀሽ ተጠራጠሪ። በብርድ እንቢ የሚል ሞተር ነው፤ አሙቀው ያቀርቡልሻል። ሞተር የሚታየው ሳይሞቅ ነው።»

ከዚያ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ይገባል። «ነይ፣ ግቢና እዪ» ይላታል። ዶርቃ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቡ ትጋደማለች። ከዳር እስከ ዳር የሚሄደውን ወፍራም ብረት በጣቱ እየተከተለ ያሳያታል።

«ሻንሲ ማለት አጥንቱ ነው። ሌላው ሌላው ይቀየራል። አጥንቱ አንዴ ተሰብሮ ከተበየደ ግን ዳገት ላይ ይከዳሻል።»

አንድ ቀን እንዲህ ተጋድመው ሳለ ጥቁር ዘይት ጉንጯ ላይ ጠብ አለ። ሂርጳ በአውራ ጣቱ ጠረገላት። ጠርጎም እጁን ቶሎ አላነሳም። ሁለቱም ዓይናቸውን የሻንሲው ብረት ላይ ተከሉ።

«ብራዘር፣ ኧረ ሚስትህን አታቆሽሻት!» አለ ግዛው ከላይ።

«ሚስቱ አይደለሁም!» አለች ዶርቃ ከመኪናው ሥር።

ሂርጳ ምንም አላለም። መናገር የነበረበት ያኔ ነበር።

በግንቦት ማለቂያ አንድ ነጭ ላንድክሩዘር መጣ። የግራ መስታወቱ በሽቦ ታስሯል። ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነው። አንዴ ሲነካ ተነሳ። ሂርጳ የዘይት ክዳኑን ከፍቶ ሞተሩን አስጮኸው፤ ጭስ የለም። ምንጣፉን ገልጦ አሸተተ፤ ጎርፍ ገብቶበት አያውቅም። ወደ ፉሪ ወስዶ፣ አራቱንም ጎማ የሚያስጎትተውን ትንሹን ማርሽ አስገብቶ ድንጋያማው አቀበት ላይ ለቀቀው። እንደ ፍየል ወጣ።

ዶርቃ ሳቀች። ለእናቷ ልትደውል ስልኳን አወጣች።

ሂርጳ ከሥር ገባ። ቆየ። «ነይ እዪ» አላላትም። ወጥቶ ሱሪውን እያራገፈ፣ የጫማውን ጫፍ እያየ፣ «የተበየደ ነው። ይቅርብሽ» አለ።

ዶርቃ ስልኳን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አመነችው።

ሌላ ሳያገኙ ዝናቡ ቀደማቸው።

ነሐሴ ላይ የመንደሩ ወንጌላዊ ደወለላት። እናቷ ድስት አወጣለሁ ብለው ፍሙን ጨብጠዋል። መዳፋቸው ተልጧል። ዶርቃ እሑድ ዕለት ለቡ ካለው ቤተ ክርስቲያኗ ሄዳ ዘማሪዎቹ ሲዘምሩ እሷ ታለቅስ ነበር።

አምልኮው አልቆ ስትወጣ፣ አጥሩ ጥግ ያ ነጭ መኪና ቆሟል። መስታወቱ አሁንም በሽቦ እንደታሰረ ነው። ባለቤቱ ኤልያቄም ነው፤ ከሳውላ ቅቤ የሚያመጣ የቤተ ክርስቲያኗ ወንድም።

«ኤልያቄም፣ ይሄን መኪና ሻንሲው እንደተበየደ እያወቅክ ገዛኸው?»

«ምን ብየዳ? ማን አለሽ? ክረምቱን ሙሉ በጭቃው ስመላለስ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ጌታ ይመስገን፣ እንዲህ ያለ መኪና አግኝቼ አላውቅም።»

ዶርቃ ከነነጠላዋ፣ ከነነጭ ልብሷ መሬት ተኛችና ከሥር ገባች።

«ኧረ እህት ዶርቃ! ሰው ያያል!»

«ይይ!»

ብረቱን ከፊት እስከ ኋላ በጣቷ ተከተለችው። ደግማ ተከተለችው። አንድም የብየዳ ጠባሳ የለበትም። ከሥር ስትወጣ ነጠላዋ ጭቃ ለብሶ ነበር፤ ፊቷን ያየ ግን ስለ ነጠላው ሊነግራት አልደፈረም።

እንደዚያው ሆና በታክሲ ፉሪ ወረደች። ሂርጳ ግቢው ውስጥ ጥጃ እያሰረ ነበር። ነጠላዋን ሲያይ ገባው። ገመዱን ለቀቀው። ጥጃዋ ሄደች።

«ነጩን መኪና አገኘሁት» አለችው።

ሂርጳ ዓይኑን ጥጃዋ ወደ ሄደችበት መለሰ።

«ዛሬ ዝም አትለኝም! ስንት ከፈሉህ? ግዛው ነው የላከህ?»

«ማንም አልከፈለኝም።»

«እና ምን በድዬህ ነው?»

ሂርጳ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «መኪናውን ከገዛሽ በኋላ ለምን ትፈልጊኛለሽ? ሌላ እየፈለግን ብንቆይ ብዬ ነው። አንድ ሳምንት ብዬ ነበር። ዝናቡ እንዲህ ይቀድመናል ብዬ አላሰብኩም። ወድጄሽ ነው፣ ዶርቃ።»

ይህን ቃል ስንት ቀን ከመኪና ሥር ተጋድማ ጠብቃው ነበር! አሁን ሲመጣ እንደ ስድብ ሆነባት።

«አፍ አልነበረህም? ይቺን አንዲት ቃል ለመናገር እናቴ በጨለማ ክረምት ማሳለፍ ነበረባት? እጇ ተቃጥሏል! ድስቱ የት እንዳለ አታይም! እነዚያ ደላሎች ሰው አይደለሽም ሲሉኝ፣ አንተ ‹ግቢና እዪ› ስላልከኝ ነው ያመንኩህ። አንተ ከነሱ ትብሳለህ። እነሱ ቢዋሹኝ ለእንጀራቸው ነው!»

«ልክ ነሽ።»

«ልክ መሆኔን አንተ አትነግረኝም!»

ጥላው ወጣች። ታክሲ ውስጥ ስታለቅስ አንዲት ሴት መሀረብ ብትሰጣት፣ «እያለቀስኩ አይደለም፣ ተናድጄ ነው» ብላ መለሰችላት። ሁለቱም ነበር።

ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት በሯ ላይ መኪና ቆመ። የሂርጳ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የነዱት አሮጌ መኪና ነው። ሂርጳ ከስቷል።

«ውሰጂው። እንዳትሸወጂ፣ ሻንሲው ሁለት ቦታ፣ ከፊትና ከኋላ ጎማው አጠገብ፣ ተበይዷል። ዘይትም ይጠጣል። ግን አለኝ የምለው እሱን ነው።»

ዶርቃ ኮፈኑ ላይ መዳፏን አሳረፈች። «ሞቋል።»

«ከፉሪ ነድቼው መጣሁ እኮ!»

«አላውቅም። ሞተር የሚታየው ሳይሞቅ ነው። ነገ በጠዋት መጥቼ አየዋለሁ።»

ሄደችም። የሐና ማርያም ደወል ሳይደወል ፉሪ ደረሰች። ካርቶን ይዛ ነበር። ከሥር ገብታ ሁለቱንም ብየዳ እሱ በነገራት ቦታ አገኘቻቸው። ሞተሩን አስነስታ ብታየው፣ እሱ እንዳለው ዘይት ስለሚጠጣ ያጨሳል። ወጥታ አቧራዋን አራገፈች። እንደ ድሮው ሊረዳት እጁን ቢዘረጋ አልያዘችውም።

«ይቅርብኝ» አለችው። «በዚህ እናቴን አልጭንም።»

«እሺ።»

«ግን ያልከው ቦታ ነው የተበየደው።» ትንሽ ቆየችና ጨመረች። «ስማኝ። መኪናዬን ራሴ እገዛለሁ፤ አብረኸኝ አትመጣም። ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲደርቅ እሄዳለሁ። ያኔ ትመጣለህ፣ ተሳፋሪ ሆነህ። ክረምቱን ለምን በጨለማ እንዳሳለፈች ለእናቴ በራስህ አፍ ትነግራታለህ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።»

«እመጣለሁ።»

ዶርቃ ብቻዋን ገዛች። ግዛው «ሰው ይዘሽ ነይ» ሲላት፣ «ይዤ መጥቻለሁ፣ ይኸው» ብላ ደረቷን መታችለት። ካርቶኗን አንጥፋ ስትገባ የግቢው ደላላ ሁሉ ተሰብስቦ ሳቀ። የመጀመሪያውን ኮፈኑ ስለሞቀ ተወችው። ሁለተኛውን ምንጣፉ ጎርፍ ጎርፍ ስለሸተተ ተወችው። ሦስተኛው ቀለሙ የረገፈ፣ ወንበሩ የተቀደደ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ቡናማ ላንድክሩዘር ነበር። አጥንቱ ግን ንጹሕ ነው። ያን ጊዜ የሚስቅ አልነበረም።

ጥቅምት ላይ ጉዞ ጀመሩ። ናዝሬት መሀላቸው ሰላም ይወርድ እንደሆነ ብላ ዳቦ ጋግራ ሰጠቻቸው። ዶርቃ ዳቦውን ከሁለት ከፍላ ድርሻውን ሰጠችው እንጂ እስከ ሶዶ ድረስ ‹መስኮቱን ዝጋ› ከሚል በቀር አላናገረችውም። ሂርጳ ጋቢና ተቀምጦ፣ በእግሩ የሌለ ፍሬን እየረገጠ፣ አንዴም ‹ቀስ በይ› አላላትም። ለሹፌር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሳውላ ላይ ለዳገቱ ጎማ ሊያስተካክሉ ጎሚስታ ጋ ቆሙ። ሰውዬው ዶርቃን አልፎ ወደ ሂርጳ ሄደ።

«ጌታው፣ ሞተሩ እንዴት ነው? ያንን ዳገት ይደፍረዋል?»

«ባለመኪናዋን ጠይቃት» አለ ሂርጳ። «እኔ ተሳፋሪ ነኝ።»

ዶርቃ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዞረች፤ ፈገግታዋን እንዳያይባት።

ዳገቱ ላይ አንድ ጊዜ ጭቃ ያዛቸው። ሂርጳ ወርዶ ገፋ፤ እስከ ጉልበቱ ሰምጦ፣ ከዚያም በፊቱ ተደፍቶ። በመስታወት አይታው ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ቀጥላ ደግሞ በመሳቋ ተናደደች።

እናቷ ደጅ ላይ ወጥተው ጠበቋቸው። በዳነው እጃቸው መኪናውን ዳበሱት። ከዚያ ጭቃ የለበሰውን ሰው ዳበሱት።

ሂርጳ ተንበረከከ። ያን ጊዜ ነው ዶርቃ ያላሰበችው ነገር የመጣባት። እናቷ አማርኛ አይሰሙም፤ እሱ ጎፍኛ አያውቅም። የሚናገረውን ሁሉ እሷው ናት የምታስተረጉመው።

«ክረምቱን በጨለማ ያሳለፉት በእኔ ምክንያት ነው በያቸው።»

ተናገረችላቸው።

«ደህናውን መኪና የተሰበረ ነው ብዬ ዋሸኋት።»

ይህንንም ተናገረች፤ ድምፅዋ ቁጣ ነበረው። እናቷ ያልተቃጠለውን እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ ‹ለምን?› አሉ።

«ለምን ይላሉ?» አለ ሂርጳ።

«ለምን ነው የምትለው።»

«ስለምወዳት ነው፣ እንዳላጣት ፈርቼ ነው በያቸው።»

ዶርቃ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣ አለ። እናቷ ‹ምን አለ?› አሉ። ደግመው ጠየቁ። የማያይ ዓይናቸው ፊቷ ላይ ነው። በመጨረሻ፣ በልጅነቷ ቋንቋ፣ ስለ ራሷ፣ በራሷ አፍ አለችው። ስትለው ቁጣዋ የት እንደገባ አታውቅም፤ እንባዋ ብቻ ወረደ።

አሮጊቷ የልጃቸውን ፊት በጣታቸው ዳበሱ። ከዚያ አንዲት አጭር ነገር ተናገሩና ወደ ቤት ገቡ።

«ምን አሉ?» አለ ሂርጳ።

«ተነስና ፊትህን ታጠብ» አለችው ዶርቃ።

በማግስቱ እናቷን ኋላ ወንበር ላይ ፍራሽ አንጥፈው አስተኟቸውና ቁልቁል ጀመሩ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዳለፉ ዶርቃ ፍሬን ያዘች። ወርዳ፣ መኪናውን ዞራ፣ የሂርጳን በር ከፈተች።

«ውረድና ንዳ።»

ሂርጳ አልተንቀሳቀሰም። «ትናንት እናትሽ ምን አሉ?»

ዶርቃ ወደ ሩቁ ሸለቆ አየች። ቁልፉን እጁ ላይ ስታኖር እጇን ቶሎ አላነሳችም።

«‹ብቻሽን አትንጂ› ነው ያለችኝ። ደግሞ እስከ ሳውላ ድረስ ብቻ ነው!»

ሳውላ ደረሱ። ሳውላንም አለፉ። ዶርቃ መሪውን አልጠየቀችውም።