ስድስት ባዶ አልጋ

ስድስቱም አልጋ ራቁቱን ቀርቷል። ፍራሽ የለም፣ ብርድ ልብስ የለም፣ ትራስ የለም። ሌባው መጋረጃውን ሳይቀር ፈትቶ ወስዶታል። የቀረው የአልጋው ጣውላና ግድግዳው ላይ የተለጠፈው «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ወረቀት ነው።

ምክትል ኢንስፔክተር ዋልልኝ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ገባ፣ ወጣ። ጫማው ውኃ አስገብቷል። ከሰኔ ወዲህ ደብረ ታቦር ላይ ዝናብ ያልጣለበት ቀን አያስታውስም። ሃያ ሦስት ዓመት ፖሊስ ሆኖ፣ ይኸው ዛሬ ፍራሽ ፍለጋ! አርብ ከሰዓት ነው፣ ፍልሰታ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ደክሞታል፤ ድካሙ ግን የዛሬ ብቻ አይደለም።

«ፍሪጁስ?» አለ።

«ፍሪጁም፣ ሁለቱ ቴሌቪዥንም» አለች የምስራች።

የቤቱ ባለቤት እሷ ናት። ኩዌት ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያገኘችውን ሁሉ ያፈሰሰችው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ክፍል፣ ዕቃው የተሟላ፣ በቀን የሚከራይ። ለሥራ የመጣ መሐንዲስ፣ ለሠርግ የመጣ ዘመድ፣ ልጆቹን ይዞ ሆቴል ማደር የማይወድ ቤተሰብ ያርፍበታል። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ትለጥፋለች፤ እንግዳው ይደውልና ቀኑን ያስይዛል። ለቡሄ ሦስቱም ክፍል ከሐምሌ ጀምሮ ተይዟል። ቡሄ ደግሞ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ በቡሄ ሰሞን በዚህ ከተማ አልጋ መፈለግ ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ረቡዕ ዕለት ለእንግዶቹ አዲስ አንሶላ ልትገዛ ባሕር ዳር ወረደች። ዛሬ ቀትር ላይ አንሶላውን ተሸክማ ስትመለስ የበሩ ቁልፍ ተሰብሮ አገኘችው።

«እንግዶቼ መጥተው ከተመለሱ ስሜ ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም አይደውልልኝም» አለች። «ያለኝ ይኼ ቤት ብቻ ነው። ካልሆነ ፓስፖርቴን ለደላላው ሰጥቼ ወደ ኩዌት መመለሴ ነው።»

አላለቀሰችም። ዋልልኝ ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

ቤቱን የሚያስተዳድርላት ታናሽ ወንድሟ ዓለምነው ነው። እንግዳ ይቀበላል፣ አልጋ ያነጥፋል፣ መታጠቢያ ቤት ያጥባል። ሐሙስ ዕለት ሐሙሲት ከተማ ገበያ ሄዶ ዝናብ ስለያዘው እዚያው ጓደኛው ቤት እንዳደረ፣ እህቱ ስትደውልለት በርሮ እንደመጣ ተናገረ። ዓይኑ ቀልቷል። ለእናታቸው ለምን እንዳልነገሩ ዋልልኝ ሲጠይቅ የምስራች ቀድማ መለሰች። እናታቸው አንበሳሜ ገጠሩ ውስጥ ናቸው፤ በሰላሙ ቀን እንኳ የሚደነግጡ ሰው ናቸው።

ዋልልኝ መጀመሪያ የጠረጠረው የመጨረሻውን እንግዳ ነበር። ዳኛቸው የሚባል የሽያጭ ሠራተኛ ነው፣ ሐሙስ ማለዳ የወጣ። ደወለለት። ሰውየው ወልድያ ቢሮው ውስጥ ነበር፤ አለቃውም ስልኩን ተቀብሎ መሰከረለት። በሚኒባስ ተሳፍሮ ስድስት ፍራሽ ይዞ የሄደ ሰው ደግሞ እስካሁን አልተወለደም።

ሁለተኛው ሙላቴ ነው። መንገዱ ጫፍ ላይ አሥራ ሁለት መኝታ ያለው አልጋ ቤት አለው። የምስራች ቤቱን ከከፈተች ወዲህ ግማሹ ባዶውን ያድራል፤ «ይቺን የኩዌት ልጅ ከዚህ ሰፈር ካላነሳኋት!» ሲል የሰማው ሰው ብዙ ነው። ዋልልኝ ልቡ ወደ ሙላቴ አዘነበለ።

ከዚያ የምስራችን ከጎኑ አስከትሎ ጎረቤቱን መጠየቅ ያዘ። ልብስ ሰፊው ደሳለው፣ የሰፈሩ የዕድር ዳኛ፣ የስፌት መኪናቸው ከበሯ ትይዩ ነው። «ሐሙስ ዕለት ሌባ አይተዋል?» አላቸው። አላየሁም አሉ። ቀና ብለው የምስራችን አዩዋትና ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። የሺ የምትባለው ጎረቤት ደግሞ አላየሁም ብላ ሳትጨርስ እንባዋ መጣና ወደ ጓዳ ገባች። ሦስተኛውም ቤት፣ አራተኛውም እንደዚያው።

ዋልልኝ ተናደደ። ስድስት ፍራሽና አንድ ፍሪጅ ከዚህ ሁሉ በር መሀል ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ ዕውር ነበር? ሙላቴን ፈርተው ነው ብሎ ደመደመ። ሀብታም ነው፣ የማያበድረው ሰው የለም። ማምሻውን ፍርድ ቤት ሄዶ የሙላቴን መጋዘን የሚፈትሽበት ትእዛዝ አወጣ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ፣ ዕቃዋን ለይታ እንድታሳየው የምስራችን ሊወስድ መጣ።

በሯ ላይ ሰባት ሰዎች ቆመዋል። ወንዶቹ ጋቢ ለብሰዋል። የሺ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

ዋልልኝ የዚህ አገር ልጅ ነው፤ ሰው በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ በር ላይ ከቆመ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቆቡን አውልቆ ወደ ኋላ ቀረ።

በሩ ተከፈተ። የምስራች ሰዎቹን ስታይ እጇ መቃኑን ያዘ። አቶ ደሳለው ወደ ፊት ራመድ አሉ።

«የምስራች፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እናትሽ አርፈዋል።»

ጩኸቷ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ደረቷን እየመታች መሬት ወደቀች፤ የሺ ጭቃው ላይ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት። ዕቃዋ መጥፋቱ አንሶ! አለ ዋልልኝ በልቡ።

ጥቂት ቆይቶ አቶ ደሳለውን ወደ ጥግ ሳብ አድርጎ መቼ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ረቡዕ ሌሊት ነው አሉ። ሐሙስ ዓለምነው እያለቀሰ መጣ። ለለቅሶተኛው መተኛ ብሎ ፍራሹን በአይሱዙ ስንጭንለት...»

«ስትጭኑለት?»

«እኛው ነና የጫንነው። ብቻውን ይጫን ኖሯል? ፍሪጁን ለአራት ተሸክመን አወጣንለት። ቴሌቪዥኑንም ባዶ ቤት ሌባ ይገባበታልና አንበሳሜ ይሁንልኝ አለ።»

«ትናንት ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ሽማግሌው በትዝብት አዩት። «እሷን አጠገብህ አቁመህ? መርዶ በመንገድ ይነገራል? አጎቶቿ እሑድ መጥተው ይነግሯታል፣ እስከዚያ አደራ ብሎናል ዓለምነው። ለፖሊሱም ወንድሟ ይነግረዋል ብለን ተውነው። በኋላ ግን ሐዘኗን ሳታውቅ ፍራሽ ስትፈልግ ማየቱ ከበደን። ኃጢአት ነው አለች የሺ።»

የጠየቀው ሌባ አይታችኋል ወይ ብሎ ነው። እነሱም እውነታቸውን ነው፣ ሌባ አላዩም። ዓለምነው ግን ትናንት ስለ ሞትም ስለ አይሱዙም አልተነፈሰም።

ዋልልኝ የምስራችን ስልክ ከወለሉ አነሳ። «እማ» የሚለውን ነካ። ጠራ። ተቋረጠ። እንደገና ደወለ። በሦስተኛው ተነሳ።

«አቤት የምስራች! በዚህ ማለዳ ምነው በደህና?»

ስልኩን የምስራች ጆሮ ላይ አደረገው። ልቅሶዋ ቀጥ አለ። «እማ?» አለች። «እማ፣ አንቺ ነሽ?» ከዚያ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀች ደጋግማ እማ፣ እማ አለች፤ ከወዲያ ያሉት ሴትዮ ደጋግመው ምን ሆንሽ ይላሉ። የሺ ቀስ ብላ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች።

የአይሱዙው ሹፌር መርቷቸው ዕቃው ረፋድ ላይ ሐሙሲት አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ተገኘ። አንዲት ትራስ አልጎደለችም። ዓለምነው እኩለ ቀን ላይ ተይዞ ዋልልኝ ፊት ተቀመጠ።

«ለምን አልሸጥኸውም?»

«ልሸጠው አልነበረም።»

«ታዲያ?»

«እሷ ስትሄድ መልሼ ላስገባው ነበር።»

«ወዴት ስትሄድ?»

ዓለምነው እጆቹን አየ። «ኩዌት።»

ከዚያ ወዲያ ሳይጠየቅ ተናገረ። እሷ ገንዘቡን ላከች እንጂ ቤቱን ያሠራው እሱ ነው፤ ድንጋዩን በትከሻው ተሸክሟል። እሷ እዚያ ሳለች የሰፈሩ ሰው ባለቤቱ ይለው ነበር። ሁለት ዓመት ሆነ ከመጣች፣ ከዚያ ወዲህ የማንም መንገደኛ ያደረበትን አንሶላ ያጥባል። ሰው ፊት «ዓለምነው፣ መታጠቢያ ቤቱን እይ» ትለዋለች። የቡሄ እንግዶች ቢቀሩባት ተስፋ ቆርጣ ትመለሳለች፣ ቤቱም ወደሱ ይመለሳል ብሎ አሰበ። ጎረቤቶቹ ጭነው ከተመለሱ በኋላ የበሩን ቁልፍ የሰበረውም እሱ ነው። መርዶውን ደግሞ እሑድ ከመድረሱ በፊት፣ ታመው ነበር እንጂ አልሞቱም፣ በስሕተት ነው ብሎ ሊያነሣው ነበር።

«እናትህን ለምን ገደልኻት? ሌላ ዘመድ አጥተህ ነው?»

«ሌላ ዘመድ ብል መቼ፣ የት፣ እንዴት ይሉኛል። እናቴ ስላቸው ማንም ምንም አልጠየቀኝም።»

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የምስራች ገፍታው ገባች። ዋልልኝ ሊከለክላት ይገባ ነበር፤ አልከለከላትም።

«ኩዌት እንዴት እንደኖርሁ ታውቃለህ?» አለችው።

«ደህና ነኝ ነበር የምትዪኝ።»

«ወጥ ቤት ወለል ላይ ነበር የምተኛው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የራሴ ፍራሽ ኖሮኝ አያውቅም። ወደዚያ ነው ልትመልሰኝ የፈለግኸው?»

ዓለምነው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አላውቅም ነበር አለ። አለማወቁ እውነት ነው፤ ለማንም አልተናገረችም።

እናታቸው እማማ ፈንታነሽ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሚኒባስ ወረዱ። አቶ ደሳለው እጃቸውን ይዘው እስከ ጣቢያው አደረሷቸው። ዋልልኝ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጠንቅቆ ያውቀዋል። እናት ታለቅሳለች፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እህት ክሱን ታነሳለች፣ መዝገቡ ይዘጋል። ሃያ ሦስት ዓመት ያየው ይህንኑ ነው። የዋስትናውን ቅጽ አስቀድሞ ሞልቶ ጠበቃቸው፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

«እማማ፣ ዋስ ይሆኑታል?»

ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። እሱ ቀና አላለም።

«እኔ ረቡዕ ሞቻለሁ አይደል የተባለው?» አሉ በለሆሳስ። «የሞተች እናት ዋስ አትሆንም።»

አቶ ደሳለው ለሽምግልና አልተቀመጡም። የምስራችም ክሱን አነሳለሁ አላለችም። እናቷ እጇን ያዙ። «ተነሺ» አሏት፣ «እንግዶችሽ ሊመጡ አይደል? አልጋሽን እናነጣጥፍ።»

በሩ ጋ ሲደርሱ እማማ ፈንታነሽ ቆሙ። የለበሱትን ጋቢ አውልቀው አጣጠፉና ለዋልልኝ ሰጡት።

«ማታ ይበርደዋል፤ አልብስልኝ» አሉት። «ከእኔ ነው ግን አትበለው።»