ከፎቶው የጠፋው ሸበጥ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሚስቁት ነኝ፣ አባቴ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው «ጂን አየን» የሚሉትን የጭነት ሹፌሮች «ጫቱን ቀንሱት» እያልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ብትስቁብኝ አልቀየምም፣ ግን እመኑኝ፣ ሆኗል፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ።

ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ የጠፉ ከብቶች ማስታወቂያ የሚወጣበት ድረ ገጽ አስተዳድራለሁ። በዙሪያችን ካሉት መንደሮች፣ ከኡራንም ከሄሉም፣ ግመል የጠፋበት ሰው ፎቶ ይልክልኛል፣ የግመሏ ፎቶ ከሌለው ደግሞ በእሳት የተተኮሰችውን ምልክት በዱላ መሬት ላይ ስሎ ያንን ያነሳል። ገጹን የማጸዳው አርብ ቀትር ላይ ነው፣ ከተማው ሁሉ ለሶላት ስለሚሄድ ገጹን የሚከፍት የለም። «ለጥገና ተዘግቷል» የሚለውን እለጥፍና በኮምፒውተሩ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ እጽፋለሁ፦ ቆሻሻውን ጣል፣ መረጃውን አስተካክል፣ ትንንሾቹን ምስሎች ከዋናዎቹ እንደገና ሥራ።

አዴ ቱሜ የሚባሉ የሄሉ መንደር እናት አሉ። ባላቸው ከሁለት ዓመት በፊት የጠፋችባቸውን ግመል ማስታወቂያ ልከውልኝ፣ እሷን ፍለጋ እንደወጡ አልተመለሱም። የላኩት ፎቶ ቀይ አፈር ላይ የተሳለ ምልክት ነው፣ ከታች ጥግ ላይ የሸበጣቸው ጫፍ ገብቷል። አዴ ቱሜ ከባላቸው የቀራቸው ምስል ያ የሸበጥ ጫፍ ብቻ ነው፣ በየአርቡ ከሶላት በኋላ እኔ ዘንድ መጥተው አይተውት ይሄዳሉ።

የዚያን አርብ የምስሉን ትእዛዝ ስሰጥ ዝርዝሩ «ተሠራ፣ ተሠራ» እያለ ወረደና የእሳቸው ላይ ሲደርስ ቆመ። ቆየት ብሎ «ተሠራ» አለ። ጠረጠርኩና ከፈትኩት፣ ሸበጡ የለም! በምትኩ ከምልክቱ አንስቶ እስከ ላይኛው ጠርዝ የግመል ኮቴ፣ ከጎኑም የሰው ዱካ። ዋናውን ምስል ከፈትኩ፣ ያው ነው፣ ፋይሉ ግን ከተላከበት ቀን ወዲህ ማንም እንዳልነካው ይናገራል። ገጹ ዝግ ነው፣ የይለፍ ቃሉም ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ላብ አጠመቀኝ፣ ፈርቼ ሳይሆን የሴትዮዋን ብቸኛ ምስል አጠፋሁባቸው ብዬ። ሸበጡ ቢመለስ ብዬ ትእዛዙን ደገምኩት። ሸበጡ አልተመለሰም፣ ዱካው ግን ትንሽ የበዛ መሰለኝ፣ ያኔም ከአጥሩ ውጭ ግመል አንገት ላይ የሚታሰረው የእንጨት ቃጭል ኳ፣ ኳ አለ። ወጥቼ ባይ መንገዱ ባዶ ነው፣ ውሻ እንኳ የለም።

አዴ ቱሜ መጡ። «ይቅርታ አዴ፣ ሸበጡ የለም። ባለቤትዎ ሄደዋል» አልኳቸው።

ስክሪኑ ላይ ተደፍተው ዱካውን በጣታቸው ተከተሉ። «ይሄ የእሷ። ይሄ የሱ፣ ግራ እግሩን ይጎትታል። አገኛት!» አሉ። ከዚያ ዘወር ብለው አዩኝ። «ኢንታላ ቲያ፣ ልጄ፣ አንቺ የከተማ ሰው ነሽ። የግመሏን ጥፍር እዪ፣ ወዴት ነው የዞረው? መሄድ አይደለም ይሄ። ወደዚህ እየመጡ ነው። ድገሚው።»

ደገምኩት፣ ምን ላድርግ? ኮቴው ምልክቱን ረግጦ ወደ ታችኛው ጠርዝ ወረደ፣ ቃጭሉም በዚህ ጊዜ ግቢ ውስጥ ነበር፣ አዴ ቱሜ እንደገቡ የግቢውን በር እኔ ራሴ ቆልፌዋለሁ። አንድ እርምጃ ቀርቷል፣ ከዚያ ወዲህ ፎቶው አልቆ እኔ የተቀመጥኩበት ነው የሚጀምረው። «አንዴ ብቻ!» ብለው ክንዴን ያዙኝ፣ እኔ ግን ኮምፒውተሩን አጠፋሁት።

ይኸው እስከ ዛሬ «ተበላሽቷል» እላቸዋለሁ፣ እንደማያምኑኝም አውቃለሁ። ባለፈው አርብ ለግመሏ ገመድ፣ ለባላቸው አዲስ ሸበጥ ይዘው መጥተው በሬ ላይ ትተውልኝ ሄዱ። ሸበጡን አስገብቼ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጥኩት፣ መጣል አልቻልኩም። ትእዛዙን መጻፍ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም እፈራለሁ፤ ግን ቀትር ላይ ያ ቃጭል ከግቢ ሲሰማኝ፣ የሰው ባል በር ላይ አስቁሜ ይሆን እላለሁ።